«0 ጣቢያ ተገኝቷል»፦ በዩኤስቢ ቲዩነር ላፕቶፕ ላይ ቲቪ ለማየት ላሰባችሁ



ረመዳን ሊገባ ሲል በየዓመቱ ወደ እኛ ወደ ኢንጂነሪንግ ተማሪዎቹ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። «ያቺን ፍላሽ የምታክል የቲቪ ስቲክ ገዝቼ ላፕቶፔ ላይ ብሰካ ቲቪ ማየት እችላለሁ ወይ?» አጭሩ መልስ፦ ላፕቶፕ ላይ ቲቪ ማየት ይቻላል፣ በብዛት የምትሸጠው ስቲክ ግን ለእኛ አገር ቲቪ አትሆንም። ረጅሙን መልስ ያገኘነው ከስረን ነው። ሌላ ሰው ደግሞ እንዳይከስር እንደሆነው እንጽፈዋለን።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ሻዕባን መጨረሻ ላይ ነው። ከግቢ ውጭ አንድ ክፍል ተከራይተን የምንኖር አራት ነን። ቲቪ የለንም፤ ኢንተርኔትም የምንጠቀመው በሞባይል ጥቅል ነው፣ ጥቅሉ ደግሞ ቪዲዮ ሲያይ እንዴት እንደሚያልቅ ታውቁታላችሁ። የአንዱ ጓደኛችን እህት ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። በስልክ ሲያወሩ «የረመዳን ፕሮግራሞችን የምናይበት ነገር የለንም» ማለቱን ይዛ ከደመወዟ ቆርጣ አንድ ስቲክ ገዛችና ወደ አገር ቤት ለሚመጣ ሰው ሰጠችው። ካርቶኑ ላይ «ዲጂታል ቲቪ» የሚል ጽሑፍና ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሚስቅ ቤተሰብ አለ። ውስጡ ስቲኩ፣ የጣት ቁመት ያላት አንቴና፣ ትንሽ ሪሞትና አንድ ሲዲ። ከአራታችን ላፕቶፖች አንዱም ሲዲ ማስገቢያ የለውም።

ሰካነው። ዊንዶውስ ድምፅ አሰማ፤ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቢጫ ሦስት ማዕዘን መጣ። «ድራይቨር ነው» አልን። ኮምፒውተር ላይ የተሰካ ነገር እምቢ ሲል ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው። የስቲኩን ስም ጽፈን ስንፈልግ «ሁሉም ድራይቨር በነፃ» የሚል ገጽ አገኘን። ከመጫናችሁ በፊት አንቲቫይረሱን አጥፉ አለን፤ አጠፋን። ላፕቶፑ የተመራቂው ወንድማችን ነበር፣ የመመረቂያ ፕሮጀክቱም እዚያው ላይ ነበር። በማግስቱ ፋይሎቹ አንድ በአንድ አንከፈትም አሉ። ከሁለት ሳምንት በፊት ለአማካሪው ሊያሳይ ፍላሽ ላይ ገልብጦት ስለነበር፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም አልጠፋም። የሁለት ሳምንቱን ሥራ ግን እንደገና ሠራው፤ የረመዳንን የመጀመሪያ ሌሊቶች ከተራዊሕ በኋላ እስከ ሱሑር ሲጽፍ አደረ። አንድም ቀን ቃል አልተናገረንም። ይሄ ነው የበለጠ ያሳፈረን።

ከዚያ በኋላ በሌላ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ጭነን ሞከርን። ሊኑክሱ ስቲኩን ወዲያው አወቀው፣ ምንም ድራይቨር ማውረድ አላስፈለገም። ደስ አለን። ጣቢያ ፈልግ አልነው፤ ከታችኛው ፍሪኩዌንሲ እስከ ላይኛው ሄዶ ሲጨርስ «0 ጣቢያ ተገኝቷል» አለ። አንቴናዋን መስኮት ላይ አደረግናት፣ 0። አጥር ላይ፣ 0። ጣሪያ ላይ በረጅም ገመድ፣ 0። እህትየው በየጁሙዓው ትደውላለች፣ «ሠራላችሁ?» ትላለች። በሦስተኛው ጁሙዓ ወንድሟ «አዎ፣ እያየን ነው» አላት። ስልኩን ዘግቶ ከእኛ ጋር አይን ለአይን አልተያየም።

መድረሳ ስንቀራ፣ አንድ ፊደል ስናበላሽ ኡስታዛችን ቶሎ አያርሙንም ነበር፤ መጀመሪያ «መኽረጁ የት ነው?» ብለው ይጠይቁናል። ከጉሮሮ የሚወጣን ፊደል በምላስ ጫፍ ሺህ ጊዜ ብትሞክሩት አይወጣም። እኛም ያን ሁሉ ሌሊት የታገልነው ከኮምፒውተሩ ጋር ነው፤ የአገራችን የቲቪ ሞገድ ከየት እንደሚመጣ፣ ስቲኩስ የትኛውን ሞገድ እንዲሰማ እንደተሠራ ግን አልጠየቅንም። ቢጫው ሦስት ማዕዘን ሲጠፋ ችግሩም የጠፋ መስሎን ነበር። ድራይቨር የሚያደርገው ኮምፒውተሩን ከስቲኩ ጋር ማግባባት ብቻ ነው። ስቲኩን ከሰማዩ ጋር አያግባባውም።

ዲጂታል ቲቪ ቤት የሚገባባቸው ዋና ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው በምድር ላይ ከቆመ ማሠራጫ ማማ ወደ ተራ አንቴና የሚመጣው ነው፤ ስታንዳርዱ ዲቪቢ-ቲ ይባላል፣ አዲሱ ደግሞ ዲቪቢ-ቲ2። ሁለተኛው ከሳተላይት ወደ ዲሽ የሚወርደው ነው፤ ዲቪቢ-ኤስ እና ዲቪቢ-ኤስ2። ሦስተኛው በኬብል የሚመጣው ዲቪቢ-ሲ ነው፤ እኛን ስለማይመለከት እንለፈው። ፍላሽ የሚያክሉት ስቲኮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ለመጀመሪያው መንገድ የተሠሩ ናቸው። አገራችን ውስጥ ግን ከየቤቱ ጣሪያ ላይ የምታዩት ምንድን ነው? ዲሽ። ቲቪያችን በዋናነት ከሰማይ ነው የሚወርደው። ስቲኩ ምድር ለምድር የሚመጣ ነገር ሲያዳምጥ ከረመ፣ ፕሮግራሙ ከራሱ በላይ ያልፋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ። እ.ኤ.አ. በ2006 ጄኔቫ ላይ በተደረገ ስምምነት አፍሪካ፣ አውሮፓና የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች የምድሩን ቲቪ ከአናሎግ ወደ ዲጂታል እንዲያዞሩ የተቆረጠው ቀን ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም. ነበር (በፈረንጆቹ ጁን 17 ቀን 2015)። ኬንያ በዚያው ዓመት አዞረች። እኛ ጋ ሕዝቡ ያንን ሳይጠብቅ ዲሽ ሰቀለ። ስለዚህ ውጭ አገር ሱቅ ውስጥ «ዲጂታል ቲቪ» የሚል ካርቶን ያየች እህት ምንም አልተሳሳተችም፤ እዚያ ቆማ ይህንን የምታውቅበት መንገድ የለም። ማወቅ የነበረብን እኛ ነን።

በነገራችን ላይ የእኛው ስቲክ ናይሮቢ ብትሄድም አትጠቅምም ነበር። ውስጧ ያለው አርቲኤል2832ዩ የሚባል ቺፕ የሚፈታው የድሮውን ዲቪቢ-ቲ ብቻ ነው፤ ኬንያ የምትጠቀመው ቲ2 ነው። ቲ2 በ2009 የወጣ ሌላ ስታንዳርድ ነው እንጂ የቲ ማሻሻያ ሶፍትዌር አይደለም። ቺፑ ካልቻለው በማዘመን አይመጣም።

«ታዲያ የዲሹን ገመድ ስቲኩ ላይ ብንሰካውስ?» ይህንን ከእኛ አንዱ አስቦት ነበር፤ ማገናኛ አስማሚ ገዝቶ ሊሰካ ሲል ነው ያስጣልነው። የማይሆንበት ምክንያት ከአንድ በላይ ነው፤ የኤሌክትሪካል ተማሪ ሁሉ በወረቀት ሊያሰላው የሚችል ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

ከሳተላይት የሚወርደው ሞገድ 11 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው። ይህን ያህል ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ በተራ የዲሽ ገመድ ውስጥ ጥቂት ሜትር ሳይሄድ ይሞታል። ስለዚህ ዲሹ ፊት ለፊት ያለችው ኤልኤንቢ ተቀብላ፣ አጉልታ፣ ወደ 950 እና 2150 ሜጋኸርዝ መካከል ዝቅ አድርጋ ትልከዋለች። ኤልኤንቢዋ ይህን ለመሥራት ኃይል ያስፈልጋታል፤ ኃይሉም የሚሄድላት በዚያው ገመድ ከሪሲቨሩ ነው፦ ቨርቲካል ሲፈለግ 13 ቮልት፣ ሆሪዞንታል ሲፈለግ 18 ቮልት። ቮልቱ ምግቧም ትዕዛዟም ነው። አሁን የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳን እዩት፦ 5 ቮልት፣ 500 ሚሊአምፒር፣ በጠቅላላው 2.5 ዋት። ኤልኤንቢዋ በ18 ቮልት 150 ሚሊአምፒር ብትስብ ብቻዋን 2.7 ዋት ፈጀች፤ ስቲኩ ራሱ ገና አልበላም። የምድር ስቲክማ ጭራሹን ወደ ገመዱ ኃይል አይልክም፣ ስለዚህ ኤልኤንቢዋ እንደተኛች ትቀራለች። ከዚህ የሚብሰው፣ ገመዱ በስፕሊተር ከሌላ ሪሲቨር ጋር ከተጋራ ያ 18 ቮልት ተመልሶ ስቲኩ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስቲኩ ለዚያ አልተሠራም፤ ይቃጠላል።

ይህ ሁሉ ቢታለፍ እንኳ የሞገዱ አጫጫን የተለየ ነው። የምድሩ ስርጭት 7 ወይም 8 ሜጋኸርዝ ስፋት ባለው ቦታ ላይ መረጃውን በሺህ በሚቆጠሩ ቀጫጭን ሞገዶች ላይ በትኖ ይጭናል፤ ከሕንፃና ከተራራ የሚመለሰውን ማሚቶ ለመቋቋም ነው። የሳተላይቱ ደግሞ አንድ ሰፊ ሞገድ ላይ በፍጥነት ይጭናል። አንዱን የሚፈታ ቺፕ ለሌላው ደንቆሮ ነው።

ስለዚህ ለዲሽ የሚሆን የዩኤስቢ ቲዩነር ከፈለጋችሁ መልኩን በማየት ብቻ ትለዩታላችሁ፦ ፍላሽ አያክልም። የሳሙና ሳጥን የሚያክል ነው፣ እንደ ሪሲቨር የሚጠመዘዝ የዲሽ ገመድ ማስገቢያ አለው፣ ከዩኤስቢው ሌላ የራሱ የግድግዳ ቻርጀር አለው። ካርቶኑ ላይ ዲቪቢ-ኤስ2 መኖሩን እዩ፤ «ኤስ» ብቻ ከሆነ ተዉት። ከዚያ ብዙ ሰው የማያየውን አንድ ቁጥር ፈልጉ፦ ከፍተኛው ሲምቦል ሬት። ኢትዮሳት ላይ ዲሽ ሠራተኞች ሁሉ በቃላቸው የሚያውቁት 11105፣ ሆሪዞንታል፣ 45000 የሚለው ነው። 45000 ትልቅ ሲምቦል ሬት ነው፤ የብዙ ቲዩነሮች የመጨረሻ ጣሪያም ልክ እዚያው 45000 ላይ ነው። ከዚያ በታች የሚያቆም አሮጌ ቲዩነር ሞገዱ እያለ አያነበውም።

የሳተላይቱን ሳጥን እኛ አልገዛንም። ቀደም ብሎ የተመረቀ አንድ ወንድም ለፕሮጀክቱ የተጠቀመበት ቤቱ ተቀምጦ ስለነበር አዋሰን፣ አላህ ይጨምርለት። ዲሹ ደግሞ የአከራያችን የእማማ ነው። ጣሪያቸው ላይ ሁለት አሉ፤ አንዱ ወደ ኢትዮሳት፣ አንዱ ወደ ናይልሳት። (ከታች ቆማችሁ ልዩነታቸውን ማየት ትችላላችሁ። ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ ዲሹ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ከአድማስ 66 ዲግሪ ያህል ከፍታ ያያል፣ ወደ ላይ ያንጋጠጠ ይመስላል። ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ነው፤ ዲሹ ወደ ምዕራብ ዞሮ 37 ዲግሪ ያህል ላይ ነው የሚያየው።) የሁለቱ ገመድ ዳይሴክ በሚባለው ስዊች ተገናኝቶ በአንድ ገመድ ወደ ሳሎናቸው ይገባል። እኛ አስፈቅደን ያችን አንድ ገመድ በስፕሊተር ከፈልናት።

የእኛ ተከፈተ። የመጀመሪያው ምስል ላፕቶፑ ላይ ሲመጣ አራታችንም ተነስተን ቆምን። ወዲያው ግን እማማ በር ላይ መጡ።

«ልጆቼ፣ ቁርኣኔን ምን አደረጋችሁት?»

ከናይልሳት ቁርኣን ሲያዳምጡ ነበር፤ ስክሪኑ ጠቆረባቸው። ይቅርታ ጠይቀን አጠፋነው፣ የእሳቸው ተመለሰ። ስናበራው ጠፋ። ምክንያቱ ስናስበው ግልጽ ነበር፦ ዳይሴክ ስዊች የሚታዘዘው የመጨረሻውን ትዕዛዝ ነው። የእኛ ሳጥን «ወደ ኢትዮሳት ዙር» ሲለው የእሳቸውንም ገመድ ይዞ ይዞራል። ሁለት ሪሲቨሮች የተለያየ ቮልት ሲልኩም 18ቱ 13ቱን ያሸንፈዋል። ስፕሊተር ሞገድ ይከፍላል፣ ትዕዛዝ ግን አይከፍልም። መፍትሔው የኢትዮሳቱን ኤልኤንቢ ሁለት መውጫ ባላት መቀየር ሆነ፤ አንዱ መውጫ ወደ እሳቸው ስዊች፣ ሌላው በራሱ ገመድ ቀጥታ ወደ እኛ። እያንዳንዱ መውጫ የራሱን ጌታ ብቻ ይሰማል። ኤልኤንቢዋን በእኛ ወጪ ነው የቀየርነው፣ እሳቸው አላወቁም፤ አሁን ግን እያነበቡ ይሆናል።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ። ዊንዶውስ ላይ ከአምራቹ የሚመጣው ድራይቨርና የቲቪ ፕሮግራም ካለ ይሠራል፤ ችግሩ ብዙዎቹ ሳጥኖችና ስቲኮች ለድሮው ዊንዶውስ 7 የተሠራ ሲዲ ይዘው የሚመጡ መሆናቸው ነው። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ሚዲያ ሴንተር የሚባለውን የቲቪ ፕሮግራም ጭራሹን አውጥቶታል። ድራይቨር ከአምራቹ ገጽ ውጭ ከየትም አታውርዱ። አምራቹ ገጽ ከሌለው፣ ወይም አንቲቫይረስ አጥፉ ከተባላችሁ፣ እዚያው አቁሙ።

እኛ የምንመክረው ሊኑክስ ነው፤ ኡቡንቱን ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ላፕቶፑን ሳትነኩ መሞከር ትችላላችሁ። የብዙ ቲዩነሮች ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ አብሮ አለ። (የትዕዛዞቹን ስም ከዚህ በታች በድምፃቸው ነው የጻፍነው፤ ስትተይቡ በትንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው።) ከሰካችሁ በኋላ ተርሚናል ላይ መጀመሪያ ኤልኤስ-ዩኤስቢ በሉ፤ ቲዩነሩ ዝርዝሩ ውስጥ ካልታየ ነገሩ የገመድ፣ የቀዳዳ ወይም የኃይል ነው፣ ቻርጀሩ መሰካቱን እዩ። ከታየ ቀጥሎ ዲሜስግ በሉ። ይህ ትዕዛዝ ከርነሉ ለራሱ የሚያወራውን ያሳያችኋል፣ ከማንኛውም ፎረም በላይ እውነተኛ ነው። የመጨረሻዎቹን መስመሮች በትዕግሥት አንብቡ። «ፈርምዌር ፋይል አላገኘሁም» የሚል ካያችሁ ድራይቨሩ አለ፣ ቺፑ ውስጥ የሚጫነው ትንሽ ፕሮግራም ግን ጎድሏል ማለት ነው። የጎደለውን ፋይል ስም እዚያው ይጠራላችኋል፤ ሊብ ውስጥ ፈርምዌር በሚባለው ማህደር አስቀምጣችሁ ነቅላችሁ ስኩት። እኛ ጋ የጎደለው ይኸው ነበር፤ አንድ ትንሽ ፋይል።

ሁሉ ከተስተካከለ ዴቭ ውስጥ ዲቪቢ የሚባል ማህደር ይፈጠራል፣ በውስጡ አዳፕተር0፣ በዚያም ውስጥ ፍሮንትኤንድ0 አለ። ይህን ካያችሁ የኮምፒውተሩ ሥራ አልቋል። «ፈቃድ የለህም» ካላችሁ የተጠቃሚ ስማችሁን ቪዲዮ የሚባለው ቡድን ውስጥ ጨምሩና ወጥታችሁ ግቡ። ከዚህ በኋላ 0 ጣቢያ ካገኛችሁ ጣሪያ ላይ ውጡ እንጂ ድራይቨር አትፈልጉ።

ጣቢያ መፈለጊያው ዲቪቢቪ5-ስካን ነው፤ ዲቪቢ-ቱልስ በሚባለው ጥቅል ውስጥ ይገኛል። የመነሻ ፍሪኩዌንሲ፣ ፖላራይዜሽንና ሲምቦል ሬት የተጻፈበት ትንሽ ፋይል ይፈልጋል፤ የኤልኤንቢውን ዓይነት «ዩኒቨርሳል» በሉት። ዓይነቱን ካልነገራችሁት የሚያገኘው ነገር የለም። ምክንያቱም ቲዩነሩ 11105ን ራሱን በፍጹም አያይም፤ ዩኒቨርሳል ኤልኤንቢ በታችኛው ባንድ 9750ን ትቀንሳለች፣ ገመዱ ውስጥ የሚመጣው 1355 ሜጋኸርዝ ነው። ፕሮግራሙ ይህን ቅናሽ ካላወቀ የተሳሳተ በር ያንኳኳል። ከ11700 በላይ ከሆነ ደግሞ 22 ኪሎኸርዝ ድምፅ በገመዱ ይላክና ኤልኤንቢዋ ወደ ላይኛው ባንድ ዞራ 10600 ትቀንሳለች። ፍለጋው ሲያልቅ የተገኘውን ዝርዝር በቪኤልሲ ወይም በካፌይን ትከፍታላችሁ። ካፌይን ለጀማሪ ይቀላል።

ከፍለው የሚያዩአቸው ጣቢያዎች ዝርዝሩ ውስጥ ይመጣሉ፣ አይከፈቱም። ለመክፈት የሚሸጡትን «መላዎች» አትጠይቁን።

ይህ ሁሉ ድካም ከአንድ ተራ ሪሲቨር በምን ይሻላል? ለእኛ የተሻለው መቅዳቱ ነው። የረመዳን የማታ ፕሮግራም የሚተላለፈው እኛ መስጂድ ባለንበት ሰዓት ነው። ዲጂታል ቲቪ ከሰማይ ሲወርድ ምስል ሆኖ አይደለም፤ እያንዳንዳቸው 188 ባይት የሆኑ ትናንሽ እሽጎች ጅረት ነው፣ በየእሽጉ ላይ የየትኛው ጣቢያ እንደሆነ የሚለይ ቁጥር አለ። አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ብዙ ጣቢያዎች ተደባልቀው ይመጣሉ። ስለዚህ አንድ ቲዩነር በአንድ ጊዜ አንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ ቢይዝም፣ እዚያ ላይ ካሉት ጣቢያዎች አንዱን እያያችሁ ሌሎቹን መቅዳት ትችላላችሁ፤ እሽጎቹን መለየት ብቻ ነው። ሲቀዳም እንደመጣ ስለሚያስቀምጠው ጥራቱ አይቀንስም፣ አሮጌ ላፕቶፕም አይደክምም። በሰከንድ 3 ሜጋቢት የሚልክ ጣቢያ በሰዓት 1.35 ጊጋባይት ይወስዳል። ከሞባይል ጥቅላችሁ ጋር አስተያዩት። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የምትቀዱበት ፍላሽ በፋት32 የተዘጋጀ ከሆነ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ማለፍ አይችልም፤ ከሦስት ሰዓት ጥቂት በኋላ ቀረጻው በራሱ ይቆማል። በሌላ ፎርማት አዘጋጁት።

ቲቪሄድኤንድ የሚባለውን ፕሮግራም ከጫናችሁ ደግሞ ላፕቶፑ የቤት ማሠራጫ ይሆናል። ኢንተርኔት የሌለው ተራ የዋይፋይ ራውተር ይበቃል፤ ሁሉም በየስልኩ በቪኤልሲ ያያል፣ የማንም ዳታ አይነካም። የሚቀዳበትን ሰዓትም አስቀድሞ መሙላት ይቻላል። ከተራዊሕ ስንመለስ ተቀድቶ እናገኘዋለን። መብራት ካልጠፋ።

ስቲኳስ? ጓደኛችን በዒድ ማግስት ደውሎ ለእህቱ እውነቱን ነገራት፤ አጠገቡ ነበርን። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ «ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ ሱቁ ይቀይርልኝ ነበር፤ ወደዚህ የሚመለስ ሰው ነበረኮ፤ አሁን የመቀየሪያው ቀን አለፈ» አለችው። ከዚያ በኋላ ስለ እናታቸው አወሩ።

እኛም ስቲኳን ወርውረን አልተውናትም። በ2012 (በፈረንጆቹ) የሊኑክስ ድራይቨር የሚጽፉ ሰዎች ይህ አርቲኤል2832ዩ ቺፕ የማይፈታውንም ሞገድ ጥሬውን ለኮምፒውተር ማቀበል እንደሚችል ደረሱበት። አምራቹ ያስገባው ኤፍኤም ሬዲዮ ለማዳመጥ ነበር። ይህ ማለት የጥቂት ዶላር የቲቪ ስቲክ የሬዲዮ ላብራቶሪ መሣሪያ ሆነች ማለት ነው። የእኛዋ አብራ ያለችው አር820ቲ የምትባል ቲዩነር ስለሆነች ከ24 እስከ 1700 ሜጋኸርዝ አካባቢ ትሰማለች፣ በአንድ ጊዜ ከ2 ሜጋኸርዝ በላይ ስፋት። ጂኪውአርኤክስ በሚባል ፕሮግራም ስንከፍተው ኤፍኤም 97.1 እና 98.1 አጠገብ ለአጠገብ እንደ ሁለት ኮረብታ ይታያሉ። ኮሙኒኬሽን ሲስተምስ ክፍል ውስጥ በሰሌዳ ላይ የተሳለልንን ስፔክትረም ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይናችን ያየነው በዚህች ስቲክ ነው። አውሮፕላኖች በ1090 ሜጋኸርዝ ያሉበትን ቦታና ከፍታ እየተናገሩ ይበርራሉ፤ ለዚያ አንቴና 6.9 ሳንቲሜትር የተቆረጠ ሽቦ ይበቃል፣ የሞገዱ ርዝመት ሩብ ስለሆነ። ለዚህ አገልግሎት ስትጠቀሙ የቲቪው ድራይቨር ስቲኩን ቀድሞ እንዳይይዘው መከልከል አለባችሁ፣ አለበለዚያ «ሥራ ላይ ነው» ይላችኋል። ለሕዝብ ከሚሠራጨው ውጭ ያለ ሬዲዮ ማዳመጥ ግን ጣጣ አለው፤ ከኤፍኤም ያለፈውን ከመምህራችሁ ጋር በላብራቶሪ ውስጥ አድርጉት።

ስቲክ ገዝታችሁ 0 ጣቢያ ያለቻችሁ ካላችሁ፣ ወይም ልትገዙ የካርቶን ፎቶ የተላከላችሁ፣ ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ቤት ነን፤ ከመክፈላችሁ በፊት ፎቶውን አሳዩን። ላፕቶፕ ይዛችሁ የምትመጡ ደግሞ ፕሮጀክታችሁን መጀመሪያ ፍላሽ ላይ ገልብጣችሁ ፍላሹን ቤት ትታችሁ ኑ።